ጋዜጣ አይዋሽም፣ ይዘላል

ጋሽ ሀንዲኖ ማረፉን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። ሆሳዕና አብራኝ ያስተማረች ጓደኛዬ በቀብሩ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። አንድ ገጽ ነው። ዶዮገና አካባቢ መወለዱን፣ በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት መማሩን፣ እስከ ጡረታው ድረስ አማርኛ ማስተማሩን፣ ትሁትና ሰው አክባሪ መሆኑን ይዘረዝራል። ደግሜ አነበብኩትና እያለቀስኩ ሳቄ መጣ። ትሁትስ አልነበረም፤ እሱን እንለፈው፣ ለሟች ሁሉ የሚባል ነው። ያሳቀኝ ሌላ ነው። ታሪኩ ከማስተማሩ በቀጥታ ወደ ጡረታው ይሻገራል። በደርግ ጊዜ ክረምቱን ሙሉ የታሰረበት ጉዳይ የለም፤ መታሰሩም የለም። ራሱ ቢያነበው ኖሮ ትንሿን ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ "እዚህ ጋ ዘለሉ" ይል ነበር። የተዘለለውን እኔ ልጻፈው ብዬ የተነሳሁት ለዚህ ነው።

ከአዲስ አበባ ተመድቤ ሆሳዕና ስሄድ ገና ከኮሌጅ መውጣቴ ነበር። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ጋሽ ሀንዲኖ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ "ጂኦግራፊ፣ ነይ እስቲ" ነበር የሚለኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ያንኑ ቡናማ ኮት የሚለብስ ሰው ነበር። የኮቱ አንዱ ኪስ የገብስ ቆሎ፣ ሌላው የታጠፈ ጋዜጣ አይለየውም። ቆሎውን ለማንም አይሰጥም፤ ጋዜጣውን ግን ሳይጠየቅም ያነብልሃል። የከምባታው አነጋገር ከአማርኛው ጋር አብሮ ይመጣል። እኔም የአዲስ አበባ ልጅነቴ ይዞኝ፣ ይህ ሰውዬ እንዴት ሆኖ ነው አማርኛ የሚያስተምረው ብዬ ሳላስብ አልቀረሁም። አሳቤ ፊቴ ላይ ተነቦ ኖሯል።

"አንቺ አማርኛን የተማርሽው በጆሮሽ ነው፤ እኔ በዓይኔ ነው። በጆሮው የተማረ የተባለውን ይሰማል። በዓይኑ የተማረ ግን ያልተጻፈውንም ያያል" አለኝ። ልመልስለት አፌን ስከፍት "ይህን ሁሉ ያልኩሽ እስክሪብቶሽን እንድታውሺኝ ነው" ብሎ ወሰደው። እስክሪብቶዬን ዳግመኛ አላየሁትም። የሌሎቹ መምህራንም እንዲሁ ነው የቀረው።

ዓርብ ከሰዓት የውይይት ክበብ ነበረብን። ያ ዘመን መቅረት ብሎ ነገር የለበትም፤ የታመመም ታሞ ይመጣል። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣው ጋዜጣ ቀናት ዘግይቶ ይደርሰናል፤ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ከዚያ "እንወያያለን"። ሰብሳቢያችን የስፖርት መምህሩ ጓድ ታፈሰ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ፈሪ ነበር እንጂ። አንባቢው ጋሽ ሀንዲኖ ነው፤ ድምፁ ከኋላ ወንበር ድረስ ይሰማ ስለነበር ማንም አልተቀናቀነውም። ቃል ሳይገድፍ ያነባል፤ አስተያየት አይጨምርም። አልፎ አልፎ ብቻ አንድ ዜና ጨርሶ ወደሚቀጥለው ከመሄዱ በፊት ትንሿን ጣቱን ያነሳል። መጀመሪያ የቆሎ ፍርፋሪ የሚያራግፍ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ከክበቡ ስንወጣ ጠየቅኩት። "ጋሼ፣ ያ ጣት ምንድን ነው?"

ወደ መናኸሪያው በሚወርደው መንገድ እየሄድን ነበር የነገረኝ። "በኛ አገር መንገደኛ ሲመጣ ሽማግሌ በተራ ይጠይቀዋል። ሰው ደህና? ከብት ደህና? እንሰቱ ደህና? ጎረቤት ደህና? መንገደኛው ለእያንዳንዱ ደህና እያለ ይመልሳል። ክፉ ነገር ካለ አይዋሽም፤ መርዶ ደግሞ መንገድ ላይ አይነገርም። ምን ያደርጋል? ያንን ይዘለዋል። ከብት ደህና ሲሉት ስለ እንሰት ያወራል። ሽማግሌው ገባው ማለት ነው። አይደግመውም። ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይሄድና ነገ ጠዋት ሰዎች እስኪመጡ ይጠብቃል።"

"ታዲያ ጋዜጣው?"

"ጋዜጣውም መንገደኛ ነው። ጋዜጣ ይዋሻል የሚሉሽን አትስሚ። ውሸት ይያዛል፣ እነሱም ያውቁታል። ጋዜጣ አይዋሽም፣ ይዘላል። አርሶ አደሮች አዲስ መንደር ገቡ ይልሻል፤ ገብተዋል። ቤት ተሠራላቸው ይልሻል፤ ተሠርቷል። ጓሯቸው የነበረው እንሰት የት ሄደ? እንሰት በቤት ፍግ የሚያድግ ነገር ነው፤ ተሸክመሽው አትሄጂም። የሚያወራው ሁሉ ወንድ ነው፤ እንሰቱን የምትፍቀው ሴት አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔ እሷን ነው የምፈልጋት።"

ከዚያ ቀን በኋላ ጋዜጣ እንደ ድሮው ማንበብ አቃተኝ። ያልተጠየቀው ማን ነው፣ ካለፈው ዓመት ጋር ለምን አልተነጻጸረም፣ ፎቶው ውስጥ ከጎን የተቆረጠው እጅ የማን ነው እያልኩ ዓይኔን አደከምኩት። እሱ ግን ቀልድም ያደርገው ነበር። የትምህርት ቤታችን ኳስ ቡድን ዱራሜ ሄዶ ተጫውቶ ሲመለስ፣ ጓድ ታፈሰ ራሱ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ረጅም ዘገባ ለጠፈ። ተጫዋቾቻችን ከፍተኛ ሥነ ሥርዓት አሳይተዋል፣ ተመልካቹ ሞቅ ያለ ጭብጨባ ለግሷል፣ ምሳው ግሩም ነበር ይላል። ጋሽ ሀንዲኖ ቆሎውን እየቆረጠመ እስከ መጨረሻው አነበበውና "ታፈሰ፣ አራት ወይስ አምስት?" አለው። ታፈሰ እንኳ ሳቀ። "አምስት" አለ።

እኔ የውጭ አገር ሬዲዮ በድብቅ መስማት ስጀምር ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። አላመሰገነኝም። "ስሚ፣ መስማቱስ ጥሩ ነው። ግን እነሱም መንገደኞች ናቸው። እነሱ የሚዘሉት እዚህ የሚወራውን ነው፤ እነዚህ የሚዘሉት እዚያ የሚወራውን ነው። አንዱን ጥለሽ አንዱን ካመንሽ ምኑን ተማርሽ?" አለኝ። ተናደድኩ። ሰው አደጋ ላይ ወድቆ ሬዲዮ ሲሰማ ቢያንስ ጎበዝ ሊባል ይገባዋል ብዬ አስብ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ታይፒስት እትዬ አማረች ነበሩ፤ ሀዲያ ናቸው፣ የቃለ ሕይወት ምእመን፣ ባላቸው የሞቱባቸው። ያላቸው አንድ ልጅ በቀለ ብቻ ነው። በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ በሰሜን ባለች አንዲት የጦር ሰፈር ከተማ ነበር። ደብዳቤው ሲቋረጥ እትዬ አማረች ዘዴ ፈጠሩ። ዓርብ ክበቡ ሲያልቅ ጋዜጣውን ከጠረጴዛው ያነሱና ጋሽ ሀንዲኖ ፊት ያስቀምጡታል።

"መምህር፣ ልጄን እስቲ እይልኝ።"

እሱም ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጡት ትንንሽ ዜናዎች ያሉበትን ገጽ ገልጦ የከተማዋን ስም ይፈልጋል። "ይኸው፣ የሴቶች ማኅበሩ ለሰራዊቱ ስንቅ አዘጋጀ። ከተማዋ አለች።" ሌላ ሳምንት ደግሞ መሠረተ ትምህርት፣ ሌላ ሳምንት ችግኝ። ስለ በቀለ አንድም ቃል ተጽፎ አያውቅም። ለእሳቸው ግን "አለች" የምትለዋ ቃል ትበቃቸው ነበር፤ ከተማዋ ካለች ልጃቸውም አለ። ጋዜጣውን አጥፈው መልሰው ያስቀምጡና በፈገግታ ይወጣሉ።

አንድ ሰሞን ከተማዋ ጠፋች። መጀመሪያ "የዚህ ሳምንቱ ላይ አልወጣችም" አላቸው። በሚቀጥለውም እንዲሁ አለ። ወታደሮች በሬዲዮ ዘፈን ሲመርጡ ከየት እንደሆኑ ይነገር ነበር፤ ከዚያች ከተማ የሚመርጥ ቀረ። እኔም ልብ ብዬዋለሁ። ሰው ሁሉ እያወቀ የማይናገረው ነገር ሆነ።

ከዚያ ያቺ ዓርብ መጣች። እትዬ አማረች ጋዜጣውን አስቀመጡና "መምህር፣ ልጄን እስቲ እይልኝ" አሉ። ጋሽ ሀንዲኖ ገጹን ገለጠ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ስለ ሌላ ክፍለ ሀገር፣ ስለ ቡና ችግኝ የተጻፈ ዜና ማንበብ ጀመረ። ከላይ እስከ ታች ሳይገድፍ አነበበው። ጨርሶ ጋዜጣውን አጠፈና ኪሱ ከተተ።

እትዬ አማረች የዚያው አገር ሰው ናቸው፤ የመንገደኛውን ልማድ ያውቁታል። የተዘለለ ነገር አይደገምም። ተነሱ፤ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ወጡ። እኔ እዚያው ነበርኩ። "ጋሼ፣ ምን ሆነህ ነው?" ብዬ ብጠይቀው ወደ እኔ ሳያይ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ አማረች ቤት ለቅሶ ወጣ።

ወሬው ሲደርሰኝ ጋሽ ሀንዲኖ ቤት ሄድኩና አብረን ሮጥን ማለት ይቻላል። ግቢው ሞልቷል። እትዬ አማረች ጥቁር ለብሰው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤት እንጨት ተሸክሞ፣ ቆጮ ይዞ ይገባል፤ ዘመዶቻቸው ከሀቢቾ በኩል እየመጡ ነው ተባለ። ያ ዘመን እንዲህ ያለ ለቅሶ ከለቅሶ በላይ ነው። መንግሥት ወድቃለች ያላላትን ከተማ ወድቃለች ብሎ አደባባይ መውጣት ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም መጥቷል።

ጋሽ ሀንዲኖ ሰውን አልፎ ፊታቸው ተንበረከከ።

"አማረች፣ ስሚኝ። ትናንት ዘለልኩብሽ። የከተማዋ ስም ከጋዜጣው ከጠፋ ሰነበተ፤ የማውቀው ይህንኑ ብቻ ነው። በቀለ ሞተ ያለኝ ሰው የለም። አለ ያለኝም የለም። የዘለልኩት ስለ ልጅሽ የማውቀው ነገር ኖሮ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ማቴዎስ እዚያው ከተማ ነው ያለው። ስሟን ልጠራ ብል አፌ እምቢ አለኝ።"

ወንድም እዚያ እንዳለው ማናችንም አናውቅም ነበር። ያን ያህል ሳምንት የእሳቸውን ልጅ ሲያይላቸው የራሱንም ሲፈልግ ኖሯል። በጣም አዘንኩለት፤ ተናደድኩበትም። ሁላችንንም ዝላይ እንድናይ ያስተማረ ሰው፣ የራሱን እንዲህ ደብቆ አንዲት እናት ጥቁር አስለበሰ።

እትዬ አማረች "ታዲያ ምን ላድርግ?" አሉት።

"ጠብቂ።"

"እስከ መቼ?"

"አላውቅም። እናቴ ዶዮገና ተቀምጣ ትጠብቃለች። እሷ ካለቀሰች አንቺም ታለቅሻለሽ።"

አንድ ሽማግሌ ከኋላ "የወጣ ለቅሶ ይመለሳል እንዴ? ይህን ከማን ሰማህ?" አሉ። ሌሎችም አጉረመረሙ። ለቅሶ መከልከል ቀላል ነገር አይደለም፤ ልጁ ሞቶ ከሆነ ሳይለቀስለት ሊቀር ነው። እትዬ አማረች ጥቁሩን ከራሳቸው ላይ አወረዱና ለሴቶቹ "ያመጣችሁትን አቅርቡት፣ ሰው በልቶ ይሂድ" አሏቸው። ሰውም ግራ እንደተጋባ ቆጮውን በልቶ ሄደ።

ሰኞ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ጋሽ ሀንዲኖን ከክፍል ወሰዱት። አሉባልታ መንዛት ነው ተባለ። ምርመራውን በኋላ ራሱ ነው የነገረኝ። "ከተማዋ መያዟን ማን ነገረህ?" ይሉታል። "ማንም። ስሟ መጥፋቱን ከጋዜጣችን አየሁ" ይላል። ጋዜጦቹን አምጥተው ፊቱ ይከምሩና "የቱ ላይ ነው?" ይሉታል። "የትም ላይ የለም። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።" ይህን ሲነግረኝ ይስቅ ነበር፤ እዚያ ውስጥ ግን ሳቅ እንዳልነበረ ሲራመድ ያስታውቅበት ነበር። ከክረምቱ በፊት ገብቶ መስቀል ካለፈ በኋላ ወጣ። ኮቱ ሰፍቶት ነበር።

ክበቡ ውስጥ ዳግመኛ አላነበበም፤ ታፈሰ ራሱ እየተንተባተበ ያነባል። ጋሽ ሀንዲኖ ኋላ ተቀምጦ ይሰማል። ጣቱን አያነሳም። ፈርቶ ነው ብለን ነበር። አንድ ቀን ግን ለብቻችን ስንሆን እንዲህ አለኝ፦ "ጂኦግራፊ፣ አጉል ነገር አስተማርኳችሁ። ዝላዩ ነገር የት እንዳለ ይነግርሻል፤ ምን እንደሆነ ግን አይነግርሽም። አማረች የሰማችው ዝምታዬን ነው፤ በውስጡ ያስገባችው ፍርሃቷን ነው። ሽማግሌዎቻችን የተዘለለ አይደገምም ያሉት ለትሕትና ነው። ጥሩ ልማድ ነው፤ ግን ይደገም። የተዘለለ ቦታ ካገኘሽ ጠይቂ እንጂ ራስሽ አትሙዪው።"

እትዬ አማረች ዓርብ ዓርብ ጋዜጣውን ማምጣት አላቆሙም። እሱም አልሸሸም። ገጹን ገልጦ እያዩት በጣቱ እየተከተለ እስከ ታች ይወርድና "የለችም" ይላቸዋል። "እሺ" ይላሉ። ሌላ ነገር አይጨምርም፤ አይዞሽ እንኳ አይልም። ዘመዶቻቸው ለቅሶ የከለከለ ሰው እያሉ ሰላምታ ነፈጉት። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

መንግሥት ተለወጠ። የተማረኩ ወታደሮች እየተለቀቁ ነው የሚል ወሬ መጣ፤ ጋዜጣው ገና አልጻፈውም። በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት በቀለ መናኸሪያው ላይ ከአውቶቡስ ወረደ። እናቱ ሲያዩት እልል አላሉም፤ ቤታቸው በር ላይ ቁጭ አሉ። ጋሽ ሀንዲኖና እኔ ስንደርስ ያ ግቢ እንደገና ሞልቶ ነበር።

በቀለ ከስቶ ጠቁሯል፤ ድምፁ ግን ደህና ነበር። ከተማዋ በተያዘች ቀን መማረኩን ተናገረ። እንዴት እንደተራመዱ፣ ምን እንደበሉ፣ አብረውት ከነበሩት የአገራችን ልጆች ማን የት እንዳለ በስም በስም እየጠራ አወራ። የአንጋጫው ልጅ እግሩን ቆስሎ ድኗል። የዱራሜው ሱዳን ገብቷል። የሞርሱጦው ነገ ይመጣል። ስለ ማቴዎስ ምንም አላለም። ከዚያ ወደ እናቱ ዞሮ ውሃ ለመነ።

መዝለሉን ሁላችንም አየነው። በልማዱ መሠረት ጋሽ ሀንዲኖ ተነስቶ እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ወደ ቤቱ መሄድ ነበረበት። እሱ ግን በርጩማውን ወደ ልጁ አስጠጋ።

"በቀለ፣ ማቴዎስን አላነሳኸውም። ንገረኝ።"

ልጁ እናቱን አየ። እትዬ አማረች "ንገረው" አሉት።

ነገረው። ማቴዎስ የሞተው በመጀመሪያው ጠዋት ነው፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ። የቀበረው በቀለ ራሱ ነው፣ ከሌላ ልጅ ጋር። ጋሽ ሀንዲኖ በዚህ አላቆመም። ማን አጠገቡ ነበር? ተናግሯል? ብዙ ቆየ? በቀለ ያወቀውን መለሰ፤ ያላወቀውን አላውቅም አለ። መጨረሻ ላይ "ፈርቶ ነበር?" አለው።

"አዎ ጋሼ" አለ በቀለ። "ሁላችንም ፈርተን ነበር።"

ጋሽ ሀንዲኖ እትዬ አማረችን ጨብጦ "እንኳን ለዚህ አበቃሽ" አላቸው። እሳቸው እጁን አልለቅ አሉት። ደስታቸው ላይ እያለቀሱ ነበር፤ ለማን እንደሚያለቅሱ ሁላችንም ገብቶናል። ከሰዓት በኋላ ዶዮገና አብሬው ሄድኩ፤ አትምጪ አላለኝም።

የአገሩ ሽማግሌዎች በዚያች ሰዓት መርዶ አይነገርም፣ ነገ ማለዳ በወጉ ይሁን ብለው በሩ ላይ ያዙት። አልፏቸው ገባ። እናቱ ምድጃ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። እንደ መንገደኛ ሊጠይቁት ሲጀምሩ አቋረጣቸውና በከምባትኛ ነገራቸው፤ ጎኔ የተቀመጠች ሴት በጆሮዬ ትተረጉምልኛለች። የት እንደሞተ፣ መቼ እንደሞተ፣ ማን እንደቀበረው፣ ምን እንደማይታወቅ ተናገረ። ፈርቶ እንደነበርም ነገራቸው። ያኔ አንድ አጎት ተቆጥተው ተነሱ። "ይህ ለእናት ይነገራል? በጀግንነት ወደቀ አይባልም?"

እናቱ እጃቸውን አነሱ።

"ተዉት። ጀግናውን እኔ አላውቀውም። ያሳደግኩት የሚፈራውን ነው። ስለ እሱ ይንገረኝ።"

ጋሽ ሀንዲኖ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ነገራቸው። ለቅሶው የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።